388 ያመጣ ልጅ የት ይሙላ?

እህትዓለም፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ600 388 አምጥቷል፤ አሁን የሚገባበትን ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል መሙላት አለበት። ናቹራል ነው። ሒሳብና ባዮሎጂ ላይ ጎበዝ ነው፣ ፊዚክስ ግን ጎትቶታል። እሱ የጤና ትምህርት ይፈልጋል፤ አባቱ «ባህር ዳርን አንደኛ ሙላና ቤትህ ሆነህ ተማር» ይላል፤ አጎቱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ያለ አይመስለውም። አንቺ መሃል ላይ ሆነሽ ጨንቆሻል። እዚሁ ባህር ዳር 12ኛ ክፍል ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የምርጫ ሰሞን ሲመጣ ተማሪውም ወላጁም ስልኩን ይዞ አጠገቤ ይቀመጣል። ያየሁትን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ልጁን እንኳን ደስ አለህ በሉት። ከምር ነው የምልሽ። ቤት ውስጥ «ትንሽ ብትጨምር ኖሮ» የሚል ወሬ ካለ ዛሬውኑ ይቁም። በ2016 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 5.4 በመቶ ነበር፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። 388 ማለት ማለፊያውን በ88 ነጥብ የተሻገረ ልጅ ነው። ደህና ውጤት ይዞ አንገቱን የደፋ ልጅ ስንቴ አይቻለሁ፣ ዩኒቨርሲቲም ሲገባ ያንኑ ስሜት ይዞ ነው የሚገባው።

ግን ደግሞ የፈለገውን ሁሉ የሚያስመርጥ ነጥብም አይደለም። ስለዚህ ምርጫችሁ ከዩኒቨርሲቲው ስም ሳይሆን ከዲፓርትመንቱ ይጀምር። ልጁ ሲገባ ፍሬሽማን፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ማትስ፣ እንግሊዝኛ የመሳሰለውን ከሁሉም ጋር ይማራል። ዲፓርትመንት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ፣ በፍሬሽማን ግሬዱና ይዞት በመጣው የኢንትራንስ (የ12ኛ ክፍል ፈተና) ውጤት ተወዳድሮ ነው። የሚወዳደረው ደግሞ ከአገሩ ተማሪ ሁሉ ጋር ሳይሆን እዚያው ግቢ ከገቡት ጋር ነው። ብዙ ወላጅ የማያስበው ይህንን ነው።

አሁን ባህር ዳርን አስቢው። ጥበበ ግዮን የሚባለው የማስተማሪያ ሆስፒታል ያለበት፣ ከአገሪቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። 450ም 500ም ያመጡ ልጆች ይሞሉታል፣ ከእነሱም ውስጥ ህክምና የሚል ሞልቷል። ጎንደርም ያው ነው፤ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ግቢ ስለሆነ ጤና የፈለገ ልጅ ዓይኑ እዚያ ነው። ልጅሽ እዚያ ገብቶ ፍሬሽ ላይ በርትቶ ካላጠና የሚፈልገው ነገር ላይደርሰው ይችላል። ደብረ ታቦርና ደብረ ማርቆስም ህክምናና ሌሎች የጤና ትምህርቶች አሏቸው። ደብረ ታቦር ከእኛ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ወጥተሽ ጠይቀሽው የምትመለሺበት ርቀት።

ያስተማርኳቸውን ሁለት ልጆች ልንገርሽ። ልጁ ከልጅሽ የተሻለ ነጥብ ነበረው። ሲሞላ አጠገቡ ነበርኩ፣ ከላይ እስከ ታች ትልልቅ ስም ብቻ ደረደረ። «ይሄን ለምን ሦስተኛ አደረግከው?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። «ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚሞላው» አለኝ። አንደኛ የሞላው ደረሰው፣ ቤተሰብ ደገሰ። ፍሬሽ ላይ መካከለኛ ግሬድ አመጣ። መካከለኛ እዚያ ግቢ ለጤና አልበቃም፣ ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ ዲፓርትመንት ገባ። ልጅቷ ደግሞ ከእሱ ያነሰ ነበር ያመጣችው። ከአዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን አንደኛ ሞላች፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ምነው?» አላት። ለመጀመሪያው እረፍት ስትመጣ የማትስ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል፣ አንዴ በእርሳስ፣ አንዴ በእስክሪብቶ፤ የተሳሳተችውን አላጠፋችውም፣ ከጎኑ «ምልክቱን ረሳሁ» ብላ ጽፋበታለች። ፋርማሲ ደረሳት። አሁን ልትጨርስ ነው።

ይሄን ስልሽ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ይሻላል ማለቴ አይደለም። ላብራቶሪው ያልተሟላ፣ መምህር የሚያጥረው አለ፤ ለዚህ ነው ከመሙላታችሁ በፊት እዚያው የሚማር ልጅ ፈልጋችሁ መጠየቅ ያለባችሁ። «ግቢው እንዴት ነው?» ብትሉት «አሪፍ ነው» ብሎ ነው የሚመልስላችሁ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ ባለፈው ዓመት ጤና የደረሰው የመጨረሻው ልጅ ስንት ግሬድ ነበረው? ፍሬሽማንና ኢንትራንስ በምን በምን መጠን ይያዛሉ? ከዲፓርትመንቱ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናውን ስንቱ አለፈ? ከ2015 ጀምሮ መውጫ ፈተና ላይ 50 ያላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም፣ ስለዚህ የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል አይደለችም።

የአባቱን ሐሳብም አልጥለውም። ባህር ዳርን ከፈለጋችሁ ግን ግቢው ጥበበ ግዮን ብቻ እንዳልሆነ ልጁ ይወቅ። ባዮሎጂ የሚወድ ልጅ የግብርናውን ግቢ ዘንዘልማን ለምን አያይም? የዓሣ ሀብት፣ የረግረጋማ መሬትና የዱር እንስሳት ትምህርት አለ። እምቦጭ ጣናን ከወረረው ወዲህ ሐይቁን የሚያውቅ ባለሙያ ምን ያህል እንደሚያስፈልገን ለእኛ ለዚህ ከተማ ሰዎች ማንም አይነግረንም። ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ የመሬት አስተዳደር አለ። ኢንጂነሪንግ ግን በዚህ ፊዚክስ አልመክረውም፣ ፖሊ፣ የኢንጂነሪንጉ ግቢ፣ በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ያለው ስሙ አሁንም ከባድ ነው ተብሎ ብቻ አይግባ።

ቤት ሆኖ መማር የሚባለው ነገር ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያው የገንዘብ ጉዳይ አድርጎ ነው የሚያየው። ኮስት ሼሪንጉ፣ ተማሪው የሚጋራው የትምህርት ወጪ፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚከፈል ነው፤ ነን ካፌ ሆኖም፣ ማለትም የግቢውን ምግብ ትቶ፣ ቤቱ ሊበላ ይችላል፣ እውነት ነው ይቀላል። ፍሬሽማን የሚያልፈው ግን በቡድን ነው። ማታ ላይብረሪ፣ ከዚያ ዶርም፣ ከሴኒየር የተገኘ የቆየ ፈተና፣ እኩለ ሌሊት ላይ «ይህቺን አስረዳኝ» የሚባባሉ ልጆች። ቤት ያለ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ቡና ያቀራርባል፣ ታናሹን ያስጠናል፣ መብራት ሲጠፋ ይተኛል፣ በ12 ሰዓት ባጃጅ ፍለጋ ይወጣል። ስለዚህ ባህር ዳር ቢደርሰውም ቢያንስ ፍሬሽማንን ዶርም ይግባ። በሳምንት መጨረሻ ልብሱን ይዞ ይመጣልሻል።

በሌላ በኩል የእናት ስጋትሽ ይገባኛል። በ2016 በክልላችን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሪ ስንት ወር እንደዘገየ፣ ልጆቹ ቤት ተቀምጠው ስልክ ሲያዩ እንደከረሙ ሁላችንም እናስታውሳለን። መንገዱም እንደምታውቂው ነው። ከክልል ውጭ አንድ ሁለት ቦታ ቢሞላ ጥሩ ነው እላለሁ፣ ለምሳሌ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ፤ ግን ሄዶ ሊማርበት ካልቆረጠ ለመሙላት ብቻ አይሙላው፣ ይደርሰውና ለቅሶ ይሆናል።

አዲስ አበባን በአጭሩ። ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። አጎቱ እንደሚያስበው እንደ ድሮው ሞልቶ መጠበቅ አይደለም፣ ልጁ ራሱ አመልክቶ መፈተን አለበት። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂም የራሳቸው ፈተና አላቸው፣ እነሱ ግን ለጤና ፈላጊ አይሆኑም።

ስለ ግል ኮሌጅ የጠየቅሽው፣ በ388 የመንግሥት ቦታ እያለው አሁን አልቸኩልም። ከመጣም የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ለዚያ ዲፓርትመንትና ለዚያ ካምፓስ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። አዲስ አበባ ላይ ያገኘውን ፈቃድ እዚህ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል አለ።

ደግሞ «ምደባ እናስቀይራለን» እያሉ የሚደውሉ አሉ። አንድ ብር እንዳትሰጡ። የጤና ችግር ያለበት ልጅ በሆስፒታል ማስረጃ በሕጋዊ መንገድ ያመለክታል፣ ሌላው ሁሉ ሌብነት ነው።

ለጊዜው እኔ ብሆን ደብረ ታቦርን አንደኛ፣ ባህር ዳርን ሁለተኛ፣ ደብረ ማርቆስን ሦስተኛ አደርግ ነበር። ግን ልጁ የጤና ትምህርት ሲል ህክምና ብቻ ነው ወይስ ላብራቶሪም፣ ሚድዋይፈሪም፣ አንስቴዥያም ይሆነዋል? ህክምና ብቻ ካለ ቅደም ተከተሉን ሌላ ጊዜ እንነጋገርበት። ራሱን ጠይቂውና ጻፊልኝ፣ የፊዚክሱን ነጥብም ጨምሪበት። ፖርታሉ ከመዘጋቱ በፊት ግን ይሁን።