ያልታሰበው ፖስታ

ጥያቄ፦ በኦስካር መድረክ ያላሸነፈ ፊልም አሸናፊ ተብሎ ታውጆ ነበር ይባላል፤ ነገሩ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ የተባለው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እያንዳንዱ የውጤት ፖስታ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በመድረኩ ግራና ቀኝ በሚቆሙ ሁለት የሒሳብ ባለሙያዎች ተይዞ ነበር፤ የምርጥ ፊልሙን አሸናፊ ሊያውጅ ለወጣው ተዋናይ ለዋረን ቢቲ የተሰጠው ግን የምርጥ ፊልሙ ሳይሆን ቀደም ብሎ የታወጀው የምርጥ ሴት ተዋናይ ፖስታ ትርፍ ቅጂ ሆነ። ቢቲ ካርዱን አይቶ፣ ፖስታውንም መልሶ ፈትሾ ሲያመነታ ታዳሚው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እርሱም (ብልሃት እንበለው ጭንቀት) ካርዱን አብራው ለማወጅ ወደ ቆመችው ተዋናይት ፌይ ደናዌይ አሻገረው፤ እርሷም በካርዱ ላይ ከተሸላሚዋ ተዋናይት ስም ጋር የተጻፈውን የፊልም ስም አይታ «ላ ላ ላንድ» ብላ አነበበች። የፊልሙ ሰዎች ምስጋናቸውን እያሰሙ ሳለ ስህተቱ ታወቀና፣ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ የሆነው ጆርዳን ሆሮዊትዝ ራሱ «ሙንላይት» ማሸነፉን አውጆ ትክክለኛውን ካርድ ለካሜራ አሳየ።