ከገላን ወደ ናይሮቢ፣ ከህንድ ወደ ዱከም፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከገላን፣ ከዱከም፣ ከቡራዩና ከሰበታ የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ ከሌሎች ታዳጊ አገሮች ጋር ለመነገድ ወይም በሽርክና ለመሥራት የተነሡ አነስተኛ አምራቾች ናቸው።

ጥያቄ፦ ገላን ውስጥ ባልዲ፣ ጆግና የልብስ መቆንጠጫ እናመርታለን። ጥሬ ዕቃው፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ ይመጣል። አንድ የናይሮቢ ነጋዴ ዋጋ ጠይቆን «ሁለታችንም ኮሜሳ ውስጥ ስለሆንን ቀረጥ የለም» ብሎናል። እውነት ነው?

መልስ፦ በዚህ ተስፋ ዋጋ አይስጡት። ኢትዮጵያ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል ብትሆንም እ.ኤ.አ. በ2000 በተጀመረው የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጣና ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልገባችም። ከአባል አገሮች ለሚመጣ ዕቃ የምትሰጠው የ10 በመቶ ቅናሽ ስለሆነ፣ ከሌላው ወገንም ዜሮ ቀረጥ መጠበቅ አይቻልም። ይህ 10 በመቶ ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቅናሹ የሚሰላው በቀረጡ ላይ ነው፤ ቀረጡ 30 በመቶ ከነበረ የሚከፈለው 27 በመቶ ይሆናል፣ 20 አይደለም።

እርስዎን የሚጠቅመው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ነው። በዚህ ስምምነት 90 በመቶ የሚሆኑት የዕቃ ዓይነቶች ቀረጣቸው በየዓመቱ እየቀነሰ ዜሮ ይደርሳል፤ 7 በመቶዎቹ ረዘም ያለ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል፤ 3 በመቶዎቹ ከነጭራሹ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ዋጋ ከመስጠትዎ በፊት የዕቃውን የታሪፍ ቁጥር፣ ማለትም ጉምሩክ ዕቃውን የሚመድብበትን ቁጥር፣ ይያዙ። የፕላስቲክ የቤት ዕቃ በ3924 ሥር ይመደባል። ገዢዎ ይህንን ቁጥር ለናይሮቢ ትራንዚተሩ ሰጥቶ፣ ዕቃው በየትኛው ዝርዝር እንዳለና የዘንድሮው ቀረጥ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ያምጣልዎ። የቃል ማረጋገጫ አይቀበሉ። የኬንያ የደረጃዎች ቢሮ ከመጫኑ በፊት የተስማሚነት ሰርተፍኬት ይፈልግ እንደሆነም በዚያው ይጠይቅ።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥሪት አገር (ዕቃው የየት አገር ምርት ነው የሚለው) ጉዳይ ነው፤ ብዙ ዕቃ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ጥሬ ዕቃው ከአፍሪካ ውጭ ስለሚመጣ ባልዲው «ኢትዮጵያዊ» መሆኑን ማሳየት ይጠበቅብዎታል። መመዘኛው በየዕቃው ይለያያል፤ አዘውትረው የሚያጋጥሙት ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው የታሪፍ ቁጥሩ መለወጡ ነው፤ ጥሬው በ3902 ገብቶ በ3924 ይወጣል። ሁለተኛው ከውጭ የመጣው ጥሬ ዕቃ ከፋብሪካ በር ዋጋው (ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ከሚሸጥበት ዋጋ) የተወሰነ መቶኛ አለመብለጡ ነው፤ ለበርካታ ዕቃዎች ጣሪያው 60 በመቶ ነው። ባልዲው በፋብሪካ በር 100 ብር ሆኖ በውስጡ ያለው የውጭ ጥሬ ዕቃ 57 ብር ከሆነ ያልፋል። ዶላር ሲወደድ ጥሬ ዕቃው 63 ብር ገብቶ እርስዎ ደንበኛ እንዳይሸሽ ዋጋውን ባሉበት ካቆዩት፣ ያው ባልዲ በዚህ መመዘኛ ይወድቃል። መቆንጠጫው ላይ ደግሞ ከውጭ የመጣውን የሽቦ ስፕሪንግም መደመር አይርሱ። ለእያንዳንዱ ጭነት የወጪ ዝርዝር አዘጋጅተው ከነደረሰኙ ለ5 ዓመት ያስቀምጡ።

ጥሬ ዕቃውን ስምምነቱን ከሚተገብር የአፍሪካ አገር ቢገዙ፣ ለምሳሌ ከግብፅ፣ ሻጩ የሥሪት ማረጋገጫ እስከሰጠዎት ድረስ እንደ አገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ ይቆጠርልዎታል። ዋጋው ትንሽ ቢወደድ እንኳ ሂሳቡን ሠርቶ ማየት ያዋጣል።

የመጀመሪያውን ጭነት ከ5,000 የአሜሪካ ዶላር ባይበልጥ እንመክራለን። እስከዚህ መጠን ማንኛውም ላኪ በኢንቮይሱ ላይ በሚሰጠው የሥሪት መግለጫ ብቻ መጠቀም ይችላል። ከዚያ በላይ ሥልጣን ካለው አካል የወጣ ሰርተፍኬት ይጠየቃል፤ የሚያገለግለውም ለ12 ወር ነው።

በመጨረሻ፣ ባልዲ ክብደት የለውም፣ ቦታ ግን ይፈጃል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚይዘው 33 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ የጭነት ሂሳብዎን በኪሎ አይሥሩት። ባልዲዎቹን እጀታ ሳይገጠምላቸው አንዱን በአንዱ ውስጥ ይደርድሩ፤ ግን ከማሽን እንደወጡ በትኩሱ አይሁን። ሳይቀዘቅዝ የተደረደረ ባልዲ በሞያሌ ሙቀት ተጣብቆ ይደርሳል፣ ሲላቀቅም አፉ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ዱከም ላይ የዘይት መጭመቂያ ልንተክል ነው። ማሽኑን ከህንድ በኤልሲ (ሻጩ የተባሉትን ሰነዶች ሲያቀርብ ባንክ ለመክፈል በሚገባው ዋስትና) እናስመጣለን። ሻጩ የተባለውን ማሽን ባይልክ ባንኩ ክፍያውን ያስቆምልናል?

መልስ፦ አያስቆምም። ባንክ የሚመረምረው ሰነድ ነው፤ ሰነዶቹ ከኤልሲው ጋር ከተስማሙ ሣጥኑ ውስጥ ምንም ይኑር ምን ይከፈላል። መከላከያዎ ኤልሲው ሲከፈት የሚያስጽፉት ነው። ከሚቀርቡት ሰነዶች መካከል የገለልተኛ መርማሪ ድርጅት የቅድመ ጭነት ሰርተፍኬት እንዲኖር ያድርጉ። በሰርተፍኬቱም የማሽኑ ሞዴል፣ ተከታታይ ቁጥርና በሰዓት ስንት ኪሎ እንደጨመቀ ይጻፍበት። ሙከራው በኑግ ይሁን። ኑግ ህንድም ስለሚበቅል ሻጩ «አላገኘሁም» ሊል አይችልም፤ በለውዝ ተሞክሮ ያለፈ መጭመቂያ በደቃቁ ኑግ ላይ ብዙ ዘይት በፋጉሎው ውስጥ ሊያስቀር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ኤልሲው ዝም ካለ ዕቃውን ከፋፍሎ መላክ ይፈቀዳል። ሞተሩ ዛሬ፣ ማርሽ ሣጥኑ ከሁለት ወር በኋላ እንዳይመጣ «በክፍል መላክ አይፈቀድም» የሚለውን ያስገቡ። ሦስተኛ፣ የህንድ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ 415 ቮልት ሲሆን የእኛ 380 ነው፤ ሁለቱም 50 ኸርዝ ናቸው። ለ415 የተጠቀለለ ሞተር በ380 ሙሉ ጭነት ሲጎትት አምፔሩ ይጨምራል፣ ይግላል። ፕሮፎርማው (የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ 380 ቮልት ይጻፍ። ቶሎ የሚያልቁትን ስክሩንና የኬጁን (በስክሩ ዙሪያ ያለውን ማጥለያ) ዘንጎችም እዚያው በዝርዝር ያስገቡ፤ በኋላ ለብቻ ማስመጣት ሌላ የባንክ ወረፋ ነው።

ከቻሉ 90 በመቶው በጭነት ሰነድ፣ 10 በመቶው ማሽኑ ተተክሎ ከሠራ በኋላ ሁለታችሁም በፈረማችሁበት ሰነድ እንዲከፈል ይደራደሩ። ሻጩ ዋጋ ትንሽ ይጨምር ይሆናል፤ ጭማሪው ምክንያታዊ ከሆነ ይቀበሉት።

ሰነዶቹ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለባቸው፤ ባንኩ ለምርመራ 5 የሥራ ቀን አለው። የድርጅትዎ ስም በንግድ ፈቃዱ፣ በፕሮፎርማውና በኤልሲው ላይ በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ። የእንጨት ሣጥኑ የዓለም አቀፍ ዕፅዋት ጥበቃ ማኅተም ከሌለው ጭነቱ ወደብ ላይ ሊያዝ ይችላል፤ የሚቆጥረው የወደብ ኪራይ ደግሞ ከእርስዎ ኪስ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ላይ ቡና እንቆላለን። ብሪክስ ከገባን ወዲህ ቻይና ቀረጥ አታስከፍልም ይባላል?

መልስ፦ ኢትዮጵያ ብሪክስን (የታዳጊ ኢኮኖሚ አገሮችን ስብስብ) የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ነው፤ ብሪክስ ግን የቀረጥ ስምምነት የለውም። ዜሮው ቀረጥ ሌላ ነው፦ ቻይና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በእድገት ወደኋላ ለቀሩና ከእሷ ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ላላቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በሁሉም የዕቃ ዓይነት ሰጥታለች። እዚህ በቅሎ እዚህ ለተቆላ ቡና የሥሪት ጥያቄው ቀላል ነው። አደጋው በመንገድ ላይ ነው፤ ዱባይ ላይ ከጉምሩክ ቁጥጥር ወጥቶ በሌላ ከረጢት የታሸገ ቡና መብቱን ያጣል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮም ምግብ አምራቾች በቻይና ጉምሩክ መመዝገብ አለባቸው፤ ያለ ምዝገባ ቁጥር አይጫኑ። የአገሩ 13 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በገዢው ላይ እንዳለ ነው፤ የችርቻሮ ዋጋ ሲያሰሉ ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ሰበታ ላይ ሼድ ተከራይቼ እሠራለሁ። አንድ ቱርካዊ 80,000 ዶላር የሚያወጣ ማሽን አምጥቶ ሊሸርከኝ ይፈልጋል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር የሚሠራ የውጭ ባለሀብት ቢያንስ 150,000 ዶላር መመደብ አለበት፤ ለብቻው ከሆነ 200,000። ማሽኑ እንደ ካፒታል ሊቆጠር ይችላል፤ ቀሪውን 70,000 ግን በሕጋዊ መንገድ አምጥቶ ማስመዝገብ አለበት። ማሽኑ በእርስዎ ስም ከገባ የእሱ ካፒታል መሆኑን ማሳየት ይቸግራል፣ ትርፉን ወደ አገሩ መላክም አብሮ ይቸግረዋል፤ ጠቡ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ማሽኑ አሮጌ ከሆነ እሱ በሚለው ዋጋ ሳይሆን በገለልተኛ ገማች ዋጋ ድርሻ ይከፋፈሉ። ሼዱ የኪራይ ስለሆነ እንደ ካፒታል አያስቆጥሩትም፤ ከመፈራረማችሁ በፊት ኪራዩን በማኅበሩ ስም፣ ቢያንስ ማሽኑ ወጪውን እስኪመልስ ድረስ ለሚበቃ ዓመት፣ ያስተላልፉት።