ሰብለ የት አድራ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጅማ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በዚህ ክረምት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቤ ከጨረስሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ከዚያ ወዲህ ሁለት አዳዲስ ልብ ወለዶች ጀምሬ ሠላሳኛው ገጽ ሳይደርሱ ተውኋቸው። ባለቤቴ ቡና እያፈላች «ሐዘን ተቀምጠሃል እንዴ?» ትለኛለች። በሕይወት ላልነበረች ሴት ይህን ያህል ማዘን ጤና ነውን? ቀጥሎስ ምን ላንብብ?

መልስ፦ ሐዘንዎ የጤና ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ የደከሙበት ነገር እርስዎ ላይ መሥራቱን ያሳያል። ታሪኩ ከሰብለ ወንጌልም ከበዛብህም እንደማይጀምር ልብ ብለው ይሆናል፤ የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። እናቲቱ ልጇን ለእግዚአብሔር ለመስጠት ስትሳል ሰምተናል፤ ስለዚህ በዛብህ አድጎና ተምሮ ሰብለን ሊያስተምር አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ፣ ስለቱን እኛም አብረነው ተሸክመን እንገባለን። መምህርና ተማሪ መጽሐፍ ላይ ባቀረቀሩ ቁጥር ልባችን የሚፈራው ስለዚህ ነው። አጭር ታሪክ ይህንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግረን ይችላል፤ ነገር ግን እንሰማዋለን እንጂ አንሸከመውም። መጀመሪያውን «ይንዛዛል» ብለው የሚዘሉ አሉ፤ እኔ ግን የእነርሱን እንባ ብዙም አላምነውም።

እኔም ያደግሁት ጅማ ነው። ከጎረቤት የተዋስሁት ቅጂ ብዙ እጅ ያለፈበት ስለ ነበር የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች አልነበሩትም፤ ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳነብ፣ ሰብለ በዛብህን ፍለጋ ከቤቷ ወጥታ መንገድ ላይ ሳለች ወረቀቱ አለቀ። ሌላ ቅጂ እስካገኝ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በእነዚያ ዓመታት የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ «ዛሬ ደግሞ የት አድራ ይሆን?» እል ነበር። እንግዲህ ከእርስዎ ይልቅ የሚታዘንልኝ እኔ ነኝ።

የተዉአቸውን ሁለት መጻሕፍት አይፍረዱባቸው፤ ከሰብለ ማግስት የመጣ ሁሉ እንግዳ ነው። ለጊዜው ያንኑ መጽሐፍ ጉዱ ካሳን እየተከተሉ ደግመው ያንብቡት። በመጀመሪያው ንባብ ፍቅረኞቹ ይጋርዱታል፤ በሁለተኛው ግን የአገሩን ልማድና የዘር ኩራት ስለ ነቀፈ እንደ እብድ የታየው ሰው፣ የሚመጣውን ከሁሉ ቀድሞ ማየቱን ያገኙታል።

ከዚያ በኋላ የማርጋሬት ሚቸልን የ1936 (እ.ኤ.አ.) ልብ ወለድ፣ ነቢይ መኰንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመውን ይያዙ፤ ትርጉሙን የጻፈው ማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ዋናዋ ባለታሪክ ስካርሌት እንደ ሰብለ አታሳዝንም፤ ራስ ወዳድና ግትር ስለሆነች በየምዕራፉ ይጣሏታል፤ ባለቤትዎም በቡናው ላይ «ደግሞ ከማን ጋር ተጣላህ?» ማለታቸው አይቀርም።