መልስ፦ ያነበብኩት ፈተና ላይ ይጠፋብኛል
እህቴ፣ «ሌሊቱን ሙሉ አንብቤ ፈተና ላይ ይጠፋብኛል» ላልሽው፣ እባክሽ ራስሽን አትውቀሺ፤ የሚስተካከለው አነባበብሽ ነው። ደጋግሞ ማንበብ የገባን ያስመስላል። አንድ ርዕስ እንደጨረስሽ ደብተሩን ዝጊና የምታስታውሺውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ። መጀመሪያ ሦስት መስመር እንኳ ላይወጣሽ ይችላል፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አትደንግጪ፣ ትምህርቱን አእምሮ ውስጥ የሚያስቀረው ለማስታወስ መታገሉ ነው። ከዚያ ደብተሩን ከፍተሽ የጎደለውን ብቻ በሌላ ቀለም ሙዪ።

በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላና በሳምንቱ ድገሚው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው፣ አብዛኛው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ቀን መቁጠሩ ከሰለቸሽ አንኪ (Anki) የተባለው የጥያቄና መልስ ካርዶች መተግበሪያ ይቆጥርልሻል፤ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው። ካርዶቹን ግን ራስሽ አዘጋጂያቸው።