የመኪና ውስጥ ኤልኢዲ መብራት፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ጥያቄዎቹ የመጡት ከድሬና ከሐረር ነው። ከቀላሉ ልጀምር።

ጥያቄ፦ የቪትዜን የጣሪያ አምፖል በኤልኢዲ ቀየርኩት፣ አይበራም። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አውጣና ገልብጠህ ክተተው። የድሮው አምፖል በየትኛውም ወገን ይበራል፤ ኤልኢዲ ግን ብዙውን ጊዜ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገላበጠ እምቢ ይላል። ከሻጩ ጋር ከመጨቃጨቅህ በፊት ይህን ሞክር።

ጥያቄ፦ መጠኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ አሮጌውን ነቅለሽ ይዘሽ ሂጂ፣ አለቀ። ሁለት ጫፉ ብረት የሆነው ዓይነት በ31፣ በ36፣ በ41 ሚሊሜትር ይመጣል። አጭሩ ይወድቃል፣ ረጅሙ አይገባም።

ጥያቄ፦ ከዳሽቦርዱ ሥር የለጠፍኩት ስትሪፕ (ጥብጣብ የሚመስለው ኤልኢዲ) እየተላቀቀ ይንጠለጠላል። ሱፐር ግሉ ላድርግበት?

መልስ፦ አቦ ተው! ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የስትሪፑ የራሱ ማጣበቂያ ይለሰልሳል፤ አቧራ ካለማ ጭራሽ አይዝም። ቦታውን በአልኮል ጥረግ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ እየጫንክ ለጥፍ። ጫፍና ጫፉን በፕላስቲክ ማሰሪያ ያዘው። ከፔዳል ይራቅ፤ ፍሬን ስትይዝ እግርህ ላይ የሚጠመጠም ሽቦ አትፈልግም።

ጥያቄ፦ ሠራተኛው «በቀጥታ ከባትሪ ልሳብልህ» አለኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ ያለ ፊውዝ ከሆነ አዎ፣ ትልቅ ችግር አለው። ሽቦው ተልጦ ቦዲውን ከነካ ግሎ መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል። በሜትር 14 ዋት የሚበላ ስትሪፕ ሁለት ሜትር ሲሆን 28 ዋት፣ ማለትም በ12 ቮልት ከ2 አምፔር ትንሽ በላይ ነው። 3 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል፤ ቦታው ግን ባትሪው አጠገብ እንጂ ስትሪፑ ጋ አይደለም። የተሻለው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር በፊውዝ መውሰድ ነው፤ ረስተኸው ብታድር ባትሪህ አይወርድም። ደግሞ ሞተር ተነስቶ ሲሠራ ቮልቴጁ ከ14 ሊያልፍ ይችላል። ለቤት የተሠራ ባለ 12 ቮልት ርካሽ ስትሪፕ በዚያ ላይ የኛ ሙቀት ሲጨመርበት ቶሎ ይሞታል። «ለመኪና» የተባለውን ግዛ።

ጥያቄ፦ ሐረር ላይ ፔጆ 404 ታክሲ አለኝ። ምን ቀለም ይሻለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላው፣ 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚባለው። ነጩ በመስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ ማታ መንገዱን ይጋርድብዎታል። ከቀለሙ በፊት ግን ሽቦውን ያስፈትሹ፤ በዚያ ዕድሜ ልባሱ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ቀይና ሰማያዊ ብልጭ ድርግም የሚለውስ?

መልስ፦ ለሠርግ ቆሞ እያለ። እየነዳህ አይሆንም።