የአንባቢያን የጤና ጥያቄ፦ ኬሞውና ጨረሩ ለምን አንድ ላይ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጤና ዓምድ አዘጋጅ። አባቴ የ58 ዓመት መሪጌታ ሲሆኑ በቢቸና አካባቢ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ድምፃቸው መጎርነን ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው፣ ቀጥሎም የማኅሌት ድካም ነው እያልን ቆየን። በመጨረሻ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎልን ናሙና ሲወሰድ የማንቁርት ካንሰር መሆኑና ወደ አንገታቸው ንፍፊት መዛመቱ ተነገረን። ሐኪሞቹ ኬሞቴራፒና ጨረር በአንድ ላይ እንዲሰጣቸው ወስነዋል። ዘመዶቻችን ግን ሁለቱ ሲደራረቡ ይጎዷቸዋል፣ የጨረሩ ተራ እስኪደርስ ኬሞውን ለብቻው ይጨርሱ ይላሉ። ምን ይመክሩናል? ድምፃቸውስ ይመለሳል?
አንባቢ፣ ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ፦ ለአባትዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ሁለቱ ሲደራረቡ ጉዳቱ እንደሚበረታ ዘመዶችዎ የተናገሩት እውነት ነው፤ ነጣጥሎ መስጠቱ ግን ዋናውን ጥቅም ያስቀራል። ለዚህ ሕመም በብዛት የሚሰጠው ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ጨረሩ የጎዳው የካንሰር ሕዋስ ራሱን እንዳይጠግን ስለሚያደርግ፣ ሥራውን በሚገባ የሚሠራው ጨረሩ በሚሰጥበት በዚያው ሰሞን ነው። ኬሞ ብቻውን ይህን ካንሰር አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ማንቁርታቸው ሳይወጣ የቆየላቸው ሁለቱን ባንድነት ከወሰዱት 88 ከመቶ፣ ኬሞው ከቀደመላቸው 75 ከመቶ፣ ጨረር ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ 70 ከመቶ ነበሩ። በዚያ ጥናት በሕይወት በመቆየት ረገድ በሦስቱ መካከል ጎልቶ የታየ ልዩነት እንዳልነበረ መደበቅ አይገባም፤ ብዙ ጥናቶችን አጠቃልሎ የመረመረው ትንተና ግን ኬሞን ከጨረር ጋር መስጠት በአምስት ዓመት ውስጥ በሕይወት የሚቆዩትን በ6.5 ከመቶ ገደማ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። የጨረሩ ወረፋ ከረዘመ ሐኪሞቹ ራሳቸው ኬሞ ለማስቀደም የሚወስኑበት ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ ያ ግን የእነርሱ ውሳኔ እንጂ የዘመድ ምክር መሆን የለበትም።

ቀዶ ጥገናው የቀረው ማንቁርትን ጨርሶ ማውጣት የተፈጥሮ ድምፅን ስለሚያሳጣና በሽተኛው ከአንገቱ በታች በሚከፈት ቀዳዳ እንዲተነፍስ ስለሚያደርግ ነው። ሆኖም ካንሰሩ የማንቁርቱን ለስላሳ አጥንት ሰብሮ ከወጣ፣ ወይም አባትዎ ሲውጡ ምግቡ ዘወትር ወደ ሳንባ የሚገባባቸው ከሆነ ቀዶ ጥገናው የተሻለ ምርጫ ስለሚሆን፣ የሲቲ ስካኑ ውጤት በዚህ በኩል ምን እንደሚል በቀጥታ ይጠይቁ።

ጨረሩ እንደ ተለመደው በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሰባት ሳምንታት፣ 35 ጊዜ እየተከፋፈለ በድምሩ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይሰጣል፤ ሲስፕላቲኑ በየሦስት ሳምንቱ ወይም በየሳምንቱ ይገባል። ከመጀመሩ በፊት በሙቅ ውኃ የለሰለሰ የፕላስቲክ ወንፊት ፊታቸውና አንገታቸው ላይ ተደርጎ ቅርጻቸውን ይዞ ይደርቃል፤ በየቀኑም ጭንብሉ ከአልጋው ጋር ተቆልፎ ራሳቸው እንዳይነቃነቅ ይይዛል። አያምም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ያስጨንቃልና አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ነው። ከሁሉም በላይ የማሳስብዎ፣ ከተጀመረ በኋላ መቋረጥ እንደሌለበት ነው። በመካከል ቀናት ሲዘለሉ የተረፈው ካንሰር ተመልሶ ይባዛል። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገራችን የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በኋላ ጅማን የመሰሉ ሥፍራዎች ቢጨመሩም ወረፋው ዛሬም ከባድ ነው። ወረፋውን ማሳጠር በእጅዎ ባይሆንም፣ በእነዚህ ሰባት ሳምንታት ለፋሲካም ሆነ ለዘመድ ለቅሶ ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም እንዳይመለሱ ማድረግ ግን በእጅዎ ነው። ማረፊያቸውን፣ የስንቅ ገንዘቡንና አብሯቸው የሚሰነብተውን ሰው ከወዲሁ ያዘጋጁ።

ወረፋው እስኪደርስ ጥርሳቸውን ያስመርምሩ። የተበላሸ ጥርስ ካለ ጨረሩ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መነቀል አለበት፤ ጨረር ካገኘው መንጋጋ ላይ በኋላ መንቀል አጥንቱ እንዳይሽር ያደርጋል። ሲስፕላቲን ኩላሊትንና ጆሮን ስለሚጎዳ፣ ኩላሊታቸው በደም ምርመራ እንዲታይና ጆሯቸው እንዲመረመር ይጠይቁ፤ ተማሪውን በጆሮው ለሚያርም የዜማ መምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሕክምናው መካከል ጆሮዬ ይጮኻል ካሉ ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ ይነገር።

ከሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ አፋቸውና ጉሮሯቸው ይቆስላል፣ ምራቃቸው ይደርቃል፣ መዋጥ ያቅታቸዋል። በርበሬ፣ አረቄና ጠላ ይቅሩ፤ አጥሚት፣ ወተት፣ እርጎና በደንብ የተመታ እንቁላል ይስማሟቸዋል። በጾም ወቅት ይህን አልቀምስም እንደሚሉ እገምታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ጾምን ታቀላለችና የንስሐ አባታቸው ራሳቸው ቢነግሯቸው ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ይሰሟቸዋል። ክብደታቸው እየቀነሰ ከሄደ ሐኪሞቹ በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል የምግብ ቱቦ ያስገባሉ፤ ይህም ሊሞቱ ነው ማለት አይደለም። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ የመጋገሪያ ሶዳ (ቤኪንግ ሶዳ) በጥብጠው በቀን ደጋግመው አፋቸውን ይጉመጥመጡ። ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ፤ ኬሞው የነጭ ደም ሕዋስን ስለሚቀንስ ኢንፌክሽን በሰዓታት ሊገድል ይችላል።

ድምፃቸውን በተመለከተ፣ ሕክምናው ከሠመረ አብዛኛው ሰው ለንግግር የሚበቃ ድምፅ ይኖረዋል። የጨረሩ ጠባሳና የጉሮሮ ድርቀት ግን ስለሚቀር እንደ ቀድሞው ረጅም ዜማ ለማዜም ዋስትና ልሰጥዎ አልችልም። ከተጠናቀቀ ሦስት ወር ገደማ በኋላ ካንሰሩ መጥፋቱ ይመረመራል፤ የቀረ ካለ ቀዶ ጥገናው ያኔም ይቻላል። ጨረሩ የታይሮይድ እጢን ቀስ በቀስ ስለሚያደክም በየስድስት ወሩ ወይም ቢዘገይ በየዓመቱ የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህንን ምርመራ አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ደብረ ማርቆስ ላይ ማሠራት ይችሉ እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።