እህቴ ጅዳ ታስራለች፤ ከየት ልጀምር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ በሕጋዊ ኤጀንሲ በኩል ጅዳ ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ ነበር። ደመወዝ ለወራት አልከፈሏትም። ስትጠይቅ አሠሪዋ «ወርቄን ሰረቀችኝ» ብላ አሳሰረቻት። አንድ ጊዜ ብቻ ደውላ «አልሰረቅሁም፤ ያልገባኝ ወረቀት ላይ አስፈርመውኛል» አለችን። እዚህ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየተላክን ነው። ኤምባሲው ሊያስፈታልን አይችልም? (ከጅማ ከተማ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንነሳ። ኤምባሲም ሆነ ቆንስላ የሌላ አገር ፍርድ ቤት የያዘውን ሰው በራሱ ሥልጣን ሊያስፈታ አይችልም፤ ጠበቃ ሆኖም አይቆምም። ሊያደርግ የሚችለው ግን ትንሽ አይደለም። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 36 ላይ እንደሚለው፣ የታሰረው ሰው ከጠየቀ ያሰረው አገር ሳይዘገይ ለቆንስላው ማሳወቅ አለበት። ቆንስላውም እስር ቤት ድረስ ሄዶ ሊያነጋግረው፣ ሊጻጻፈውና ጠበቃ ሊያመቻችለት ይችላል። ጅዳ የታሰረን ሰው ጉዳይ የሚከታተለው እዚያው ጅዳ ያለው ቆንስላ ጄኔራል ነው፤ ሪያድ ያለው ኤምባሲ አይደለም። ወደ ተሳሳተው ከላኩ ደብዳቤው ዞሮ እስኪደርስ ቀናት ይባክናሉ።

ቆንስላው እንዲጠይቃት ግን መጀመሪያ ሊያገኛት ይገባል። ብዙ ጉዳይ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ስም ነው። የጅማ ቀበሌ የሚሰጠው ወረቀት በአፋን ኦሮሞ ስለሚጻፍ ስሟ በቁቤ ነው የሚሰፍረው። ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው። ጫልቱ የሚባል ስም በቁቤ በአንድ ፊደል ይጀምራል፤ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት። ዓረብኛ «ጨ»ም «ቸ»ም ስለሌለው የፖሊሱ መዝገብ ላይ ሻልቱ ወይም ጃልቱ ሆና ልትገኝ ትችላለች። ስለዚህ በስም ብቻ አይጠይቁ። የፓስፖርት ቁጥሯንና በ2 የሚጀምረውን ባለ 10 አኃዝ የኢቃማ (የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ) ቁጥሯን ይያዙ። ስሟን ከነአባትና ከነአያት ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፉ። ደላላ ስሟን ወይም ዕድሜዋን አስቀይሮ ከነበረም ሳይደብቁ ሁለቱንም ይጥቀሱ፤ የምትገኘው በወረቀቱ ስም ነው። ኢቃማው ከሌለዎት ገንዘብ ስትልክ የተጠቀመችበት የሐዋላ ደረሰኝ ላይ ሊኖር ይችላል።

ቀንም እንዲሁ ያሳስታል። መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024፣ በሂጅራ ደግሞ ረቢዑል አወል 12 ቀን 1446 ነበር። በዚያ አገር ዶሴ ላይ ሂጅራው ይበዛል። የተያዘችበትን ቀን በሦስቱም ይጻፉት። «2017» ብለው ብቻ ከተዉት አንባቢው ብዙ ዓመት የቆየ ጉዳይ ሊመስለው ይችላል።

ከጅማ ይዘው የሚነሡት፦ ከቀበሌ የዝምድና ማረጋገጫ፣ የእርስዎና የእርሷ መታወቂያ፣ የፓስፖርቷ ኮፒ፣ የሥራ ውሉ፣ የኤጀንሲው ስምና አድራሻ። በአፋን ኦሮሞ የተሰጠውን ወረቀት ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ አማርኛ አስተርጉመው ይያዙ። አለበለዚያ ከአዲስ አበባ ተመልሰው ሌላ የመንገድ ቀን ይከፍላሉ። ወረቀቱን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ ክፍል ያስገቡ፤ የገቢ ቁጥር ሳይቀበሉ ግን አይውጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውሉ የሚጠየቁት ይህ ቁጥር ነው።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ልመና አያስፈልገውም፤ ዜጋ መብቱን ነው የሚጠይቀው። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የታሰረች ዜጋ እንድትጎበኝና የሕግ ድጋፍ እንድታገኝ ስለመጠየቅ። እህቴ (ሙሉ ስም)፣ የፓስፖርት ቁጥር …፣ የኢቃማ ቁጥር …፣ በ… ቀን በጅዳ … ፖሊስ ጣቢያ ተይዛለች። የተከሰሰችው በስርቆት ሲሆን ድርጊቱን አላመነችም። ቃል ስትሰጥ አስተርጓሚ አልነበራትም፤ ያልተነበበላት ወረቀት ላይ ፈርማለች። የ… ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። ስለዚህ የታሰረችበት ቦታና የመዝገብ ቁጥሯ እንዲገለጽልን፣ በአካል እንድትጎበኝ፣ አስተርጓሚና ጠበቃ እንዲመቻችላት፣ የፍርድ ግልባጭ ካለም እንዲደርሰን እጠይቃለሁ።»

የአስተርጓሚውን ነገር ሆን ብለን አስገብተነዋል። በእንዲህ ያለ ክስ ዋናው ማስረጃ ብዙ ጊዜ ያ የተፈረመበት ወረቀት ነው። የሳዑዲ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ዓረብኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንዲኖር ያዛል፤ ተከሳሽም በምርመራ ጊዜ ጭምር ጠበቃ ወይም ወኪል ሊይዝ እንደሚችል ይደነግጋል። እንደገና ስትደውል «ሲጠይቁሽ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚችል ሰው ነበር? ወረቀቱን ያነበበልሽ ማነው? የፈረምሽው ስንት ጊዜ ነው?» ብለው ይጠይቋትና መልሷን የዚያኑ ቀን በጽሑፍ ያስቀምጡ። ዳኛ ፊት ስትቀርብም በመጀመሪያው ቀን «ያልገባኝን ነው የፈረምሁት» ማለት እንዳለባት ይንገሯት። ይግባኝ ላይ ደርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተነሣ ክብደቱ በጣም ይቀንሳል።

ከጅማ ሆነው የሚያገኙት ሌላ ማስረጃ የባንክ መግለጫ ነው። ገንዘብ ትልክበት የነበረውን ሒሳብ መግለጫ ባንኩን ማኅተም አስደርገው ይውሰዱ። በየወሩ ሲገባ የነበረው ገንዘብ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደቆመ በግልጽ ይታያል። ክሱ የመጣው ደመወዟን ከጠየቀች በኋላ መሆኑን የሚያሳዩ የድምፅ መልእክቶችን አያጥፉ፤ ስልኩንም አይቀይሩ።

በሳዑዲ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ምርመራ ላይ ያለ ሰው በመጀመሪያ የሚያዘው ለ5 ቀን ነው። እየተራዘመ ሄዶ በጠቅላላው ከ180 ቀን ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ ወይ ፍርድ ቤት ይቀርባል ወይ ይለቀቃል። ከዚያ ካለፈ ያንኑ ለይታችሁ ለቆንስላው ጻፉ። ከተፈረደባት ደግሞ ይግባኝ ለማለት ያላት ጊዜ የፍርዱን ግልባጭ ከተቀበለችበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። ካለፈ በኋላ የሚቀረው ምሕረት መጠየቅ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ክሱ ሁለት ገጽታ እንዳለው ይወቁ። አንዱ የአሠሪዋ የግል መብት ነው። አሠሪዋ «ትቼላታለሁ» ብላ በጽሑፍ ከሰጠችና በሕግ ፊት ከተመዘገበ ይቀራል። ሌላው የሕዝብ መብት የሚሉት ነው፤ አሠሪዋ ብትተውም ዳኛው በዚህ ሊቀጣት ይችላል። በረመዳን የሚታወጀው ምሕረትም በአብዛኛው የሚነካው ይህንኛውን ነው፤ የግል መብት ያልተዘጋበት ሰው ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ አሠሪዋን በሽምግልና ማነጋገር ከተቻለ በቆንስላው ወይም በጠበቃው በኩል ይሁን። በዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን፦ የአሠሪዋን ፎቶና ስም በቲክቶክና በፌስቡክ አትልቀቁ። የቤተሰብ ቁጣ ይገባናል። ግን በዚያ አገር በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ በኢንተርኔት ስም ማጥፋትን እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል ያስቀጣል። አሠሪዋም ከዚያ በኋላ ይቅር የማለት ፍላጎት አይኖራትም።

ኤጀንሲውንም አይርሱ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ ኤጀንሲውን በላከው ሠራተኛ ውል ተጠያቂ ያደርገዋል። አቤቱታዎን ለሥራና ክህሎት ቢሮ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ «ጠበቃ ምን አደረጋችሁላት?» ብለው ይጠይቁ። ማመልከቻ የሚጽፍልዎ ካጡ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሪያድ ታስሮ አንድ ሰው ደውሎ «እስር ቤት ውስጥ ሰው አለኝ፤ ብር ላኩና በሳምንት ይወጣል» አለን። ቡናችንን ሸጠን ልንልክ ነው። (ከአጋሮ)

መልስ፦ እባክዎ አይላኩ፤ ቡናውን ያቆዩት። ሰውየውን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ የልጅዎን የመዝገብ ቁጥር፣ የጠበቃውን ስም ከፈቃድ ቁጥሩ ጋር፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚከፈል የሚገልጽ ወረቀት። እውነተኛ ጠበቃ ከሳዑዲ የፍትሕ ሚኒስቴር የተሰጠ ፈቃድ አለው፤ ቆንስላው ያጣራልዎታል። የመንግሥት ቅጣት ደግሞ በመክፈያ ቁጥር በባንክ ነው የሚገባው፤ በግለሰብ እጅ አይሰጥም። «ለፖሊሱ እሰጥላችኋለሁ» ካለ ያ ጉቦ ነው፤ ከተያዘ በልጅዎ ላይ ሌላ ክስ ሊያመጣ ይችላል። የደወለበትን ቁጥርና የላከውን የሒሳብ ቁጥር ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ።

ልጅዎ የት እንዳለ ጨርሶ ካላወቁ በጅማ ወዳለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ይሂዱ። የጠፉ ዘመዶችን የማፈላለግ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጂዛን ፍርዱን ጨርሷል፤ ግን አልለቀቁትም። ለተባበሩት መንግሥታት ብንጽፍ ይሰሙናል? (ከሰቃ ጨቆርሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ምን እንደያዘው ይጣራ። ብዙ ጊዜ የሚያቆየው ከሦስት አንዱ ነው፦ ያልተከፈለ የግል መብት፣ አሠሪው ያስመዘገበበት የ«ሁሩብ» (ከሥራ ጠፍቷል የሚል) ክስ፣ ወይም የጉዞ ሰነድ ማጣት። ሦስተኛው ከሆነ መፍትሔው ከቆንስላው የሚሰጥ ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ ወደ አገር መመለሻ ሰነድ) ነው። ለዚያ ኢትዮጵያዊነቱ መረጋገጥ ስላለበት መታወቂያውን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃውን ከነፎቶው ይላኩ። ድንበር አቋርጦ የሄደና ምንም ወረቀት ያልያዘ ሰው ጉዳይ በተለይ በዚህ ነው የሚጓተተው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተፈታ አዎ፣ መጻፍ ይቻላል። በ1991 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስራት የሥራ ቡድን አምስት ባለሙያዎች አሉት። ፍርዱን ጨርሶ ሳይለቀቅ የቀረ ሰው ጉዳይ እንደ ዘፈቀደ እስራት ከሚመድባቸው ውስጥ የመጀመሪያው ነው። የአገሩን ፍርድ ቤት እስከ መጨረሻው መጨረስ አይጠይቅም፤ ገንዘብም አያስከፍልም። የጠያቂውንም ማንነት ለመንግሥቱ አይገልጽም። ቅጹ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ ይሞላል። የታሰረው ሰው ወይም የቤተሰቡ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሕመም ካለበት ወይም ሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ አስቸኳይ አቤቱታ በሚለው መንገድ ያቅርቡት፤ በመደበኛው ግን ለመንግሥቱ የ60 ቀን የመልስ ጊዜ ይሰጣል። ቡድኑ የሚሰጠው አስተያየት ነው፤ በሩን በግድ የሚከፍት ትእዛዝ አይደለም። ፍርዱ ያለቀበትን ቀን የሚያሳይ የፍርድ ግልባጭ ከሌለ ግን አቤቱታው ይደክማል፤ ስለዚህ ከቆንስላው በመጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን ግልባጭ ይሁን።